በርበሬ የሚለው ስም የሁሉም ነው፤ የማኅበራችን ምልክት ግን የእኛ ነው

የተከበራችሁ የዱርቤቴና የአካባቢዋ አርሶ አደሮች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራሮች፣

በጥያቄ ልጀምር። አንድ ነጋዴ ተነስቶ «በርበሬ የሚለውን ስም አስመዝግቤያለሁ፤ ከእኔ በቀር ማንም ጆንያው ላይ እንዳይጽፈው» ቢለን ያስኬደዋል? አያስኬደውም። የንግድ ምልክት ሥራው የአንዱን ዕቃ ከሌላው መለየት ነው። በርበሬ፣ ጤፍ፣ ማር የሁላችንም መጠሪያ ስለሆኑ ማንንም ከማንም አይለዩም። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የዕቃውን ዓይነት፣ ጥራት ወይም የመጣበትን ቦታ ብቻ የሚናገር ቃል ለብቻው በንግድ ምልክትነት ለመመዝገብ አይበቃም።

«የአገር ስምስ?» ትሉ ይሆናል። የቡናውን ነገር እንመልከት። በ1997 ዓ.ም. መንግሥታችን ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ። ይርጋጨፌ ቀድሞ ሲያልፍ፣ ሐረርና ሲዳሞ ግን «የተለመደ የቡና መጠሪያ ሆነዋል» ተብለው መጀመሪያ ላይ ተመለሱ። አገራችን ግን ገዥው እነዚህን ስሞች ሲሰማ የሚያስበው የኢትዮጵያን ቡና ነው ብላ ተከራከረች፤ በመጨረሻም ተመዘገቡ። ስታርባክስ የተባለው ትልቅ የቡና ኩባንያም በሰኔ 1999 ዓ.ም. ለስሞቹ እውቅና የሚሰጥ ስምምነት ፈረመ።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ስም ባለቤት ሳይጠብቀው ብዙ ከቆየ የማንም ይሆናል፤ ያኔ ማስመለሱ ረጅም ክርክር ይጠይቃል።

እኛም ጋ ያው ነው። ገዥ የአካባቢያችንን በርበሬ በስሙ ጠርቶ የሚፈልገው ቀለሙንና ማቃጠሉን አምኖ ነው። አንዱ ሚዛን እንዲያነሳለት ውኃ ረጭቶ፣ ሌላው የሻገተውን ከደህናው ቀላቅሎ ሲያቀርብ ግን የሚጠፋው የሁላችንም ስም ነው። የምዝገባ ወረቀት የሻገተ በርበሬ አያድንም።

ስለዚህ፦

1. በግል ሳይሆን በማኅበር ወይም በዩኒየን ተሰባሰቡ። ሕጉ የጋራ የንግድ ምልክትን ያውቃል።
2. የቦታውን ስም ብቻ አትያዙ። የራሳችሁ የሆነ መለያ ስምና ሥዕል ጨምሩበት።
3. በምልክቱ ማን እንደሚጠቀም፣ ጥራቱን ያጓደለ ምን እንደሚደርስበት የሚወስን ደንብ በጠቅላላ ጉባኤ አጽድቁ።
4. ሌላ ሰው ቀድሞ ተመሳሳይ ምልክት አለማስመዝገቡን አጣርታችሁ ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አመልክቱ።
5. ምዝገባው የሚጸናው ለ7 ዓመት ነው፤ ጊዜው ሳያልፍ አሳድሱ።
6. በርበሬውን በሸራ ወይም በአልጋ ላይ በደንብ አድርቁ፤ ለይታችሁ ጆንያ ውስጥ ክተቱ።

ከመለያየታችን በፊት በየቡድናችሁ ተወያዩ፦ በማኅበራችሁ ምልክት የሚወጣውን ጆንያ ከመሰፋቱ በፊት የሚፈትሸው ማን ነው? ይህን የመለሰ ማኅበር ግማሹን ሥራ ጨርሷል።