ስለ ሐሰተኛው ቀዳዳ



በማር ሀገር ያደገ ሰው እንደሚያውቀው፣ ንብ አርቢ ንቡ በሚፈልስበት ወራት ባዶ ቀፎውን በወይራ ጢስ አጥኖ ከዛፍ ላይ ይሰቅልና፣ በየጫካው መንጋ እየተከተለ ከመባዘን ይልቅ፣ ንቡ ራሱ ቤት ፈልጎ እስኪመጣ ድረስ ከጥላ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃል። የኮምፒውተር ጠባቂዎችም በሶፍትዌራቸው ላይ ዐውቀው የድካም መልክ እያኖሩ ሰርጎ ገቡን የሚያጠምዱበት ጥበብ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ፈረንጆቹ የማር ማሰሮ ብለው ቢሰይሙትም፣ በውስጡ ማር የለምና ለእኔስ ባዶው ቀፎ ይበልጥ ይመስለዋል።

የነገሩ ምሥጢር እንዲህ ነው። በእውነተኛው ደጅ ጻድቁም ኃጥኡም ስለሚመላለስበት ጠባቂው ሌባውን ከእንግዳው ለመለየት ይቸገራል፤ ወደ የትም በማያደርስ ደጅ ግን ቅን ሰው አንዳች ጉዳይ ስለሌለው፣ የሚያንኳኳው ሁሉ በማንኳኳቱ ብቻ በራሱ ላይ ምስክር ይሆናል።

ለዚህ አብነት የሚሆነን በአሜሪካ፣ በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ዊልያም ቼስዊክ ነው። ሴንድሜይል የሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም፣ ለሠሪዎቹ መፈተሻ ይሁን ተብሎ የተተወ «ዲበግ» የሚል ትእዛዝ ነበረው፤ ይህንንም ትእዛዝ ያወቀ ሰው ከሩቅ ሆኖ ማሽኑን እንደ ባለቤቱ ሊያዝዘው ይችል ስለነበር፣ ሮበርት ሞሪስ በ1988 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የለቀቀው «ትል» የሚባል ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም ከተሠራጨባቸው መንገዶች አንዱ እርሱ ሆኖ ዝናው ወጥቶ ነበር። በቼስዊክ ማሽን ላይ ቀዳዳው አልነበረም፤ እርሱ ግን ትእዛዙን የሚሞክር ቢመጣ የሚመዘግብ ወጥመድ አኑሮ ይጠብቅ ነበር።

በጃንዋሪ 7 ቀን 1991፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 29 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ እኛ የጌታን ልደት በምናከብርባት ዕለት፣ አንድ ሰው መጥቶ ያንን ቀዳዳ ያገኘ መሰለውና የይለፍ ቃሎቹ መዝገብ እንዲላክለት አዘዘ። ቼስዊክም መዝገብ ላከለት፤ ነገር ግን የተላከው ሐሰተኛ ሆኖ፣ ምሥጢሩን ለፍቶ የፈታ ሰው የሚያገኘው ቃል ጊዜውን ለምን እንደሚያባክን የሚጠይቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለእኔ ከወጥመዱ ይልቅ ይደንቀኛል። ሰርጎ ገቡ በዚያ ቀዳዳ የገባ እየመሰለው ትእዛዝ በላከ ቁጥር፣ ማሽኑ የሚመልሰውን መልስ ቼስዊክ በገዛ እጁ ጽፎ በኢሜይል ይልክለት ነበርና፣ የሰው እጅ እንደ ማሽን ስለማይፈጥን፣ ይህ ማሽን እጅግ ዘገምተኛ ነው ብሎ መወሰን ግድ ሆነበት፤ አንዱን ፋይል የለም ካለ በኋላም፣ በማግሥቱ እንዳይሳሳት፣ የለም ማለቱን ማስታወስ ነበረበት። እንግዳው ዱካውን ለማጥፋት ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ደምስስ ብሎ ባዘዘ ጊዜ እንኳ፣ ፈጽሞ ላልነበረው ማሽን ሕይወት የሚፈልግለት ያው አስተናጋጁ ነበር። አበው ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ያሉት እውነት ነው፤ ይህ ሰው ግን በየቀኑ ስንቁን ሊሞላ ይደክም ነበርና፣ በመጨረሻ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ለሰርጎ ገቡ ከእውነተኛው ሥርዓት የተለየ «ወህኒ» የሚሉትን ክፍል ሠርተው፣ ነፃ የወጣ እየመሰለው በውስጡ ሲመላለስ ለወራት ተመለከቱት።

ከዓመታት በኋላ ደግሞ ነገሩ ወደ ሌላ ዘዴ ተሻግሯል። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያቀረቡት አሳብ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ጉዳት የማያደርሱ ብዙ ስሕተቶችን እንደ ገለባ መዝራትና አጥቂው ፍሬውን ሲያበጥር እንዲደክም ማድረግ ነው። ብልሃቱን አደንቃለሁ፤ ነገር ግን ቼስዊክ እንግዳውን ለማወቅ ሲያታልል፣ ይህ ለማሰልቸት ብቻ ያታልላል፤ ከዚህም በላይ ከዓመታት በኋላ ያንን ፕሮግራም የሚረከበው ምስኪን ባለሙያ ገለባውን ከስንዴው በምን ይለየዋል? ሐሰት በራሱ ማሳ ላይ ሲዘራ፣ አጫጁ ማን እንደሚሆን አስቀድሞ አይታወቅም።

ወደ ቼስዊክ እንግዳ ልመለስና፣ በርፈርድ የሚል የቀልድ ስም የወጣለት ይህ ሰው፣ እንደ ተረዱት፣ የጦር ተቋማትን ማሽኖች የሚፈልግ፣ ብዙ ትርፍ ጊዜና የታወቁ ቀዳዳዎች ዝርዝር የያዘ ነበር፤ ዱካውም ቢከተሉት ከሆላንድ ደረሰ። በዚያም ሀገር እንዲህ ያለውን ሥራ ወንጀል የሚያደርግ ሕግ ገና አልነበረም፤ ሕጉ የወጣው በ1993 ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ የወራት ትጋት በ1992 ለሊቃውንት ጉባኤ በቀረበ አንድ ጽሑፍ ላይ ሰፈረ፤ እዚያም በርፈርድ በየሌሊቱ የጻፋቸው ትእዛዛት፣ ከነፊደል ግድፈታቸው፣ ተራ በተራ ታትመዋል።