የማረጥ ዋዜማ፦ ስለ እኅቶቻችን ጤናና ስለ ሆርሞን ሕክምና
(በማኅበራችን የ10ኛ ዓመት የምሥረታ በዓል ላይ የታክሲ ሹፌሮችን በመወከል የቀረበ ንግግር)





እኛ የታክሲ ሹፌሮች ንግግር እንድናደርግ ስንጋበዝ ብዙዎቻችሁ ስለ ፈቃድ እድሳት፣ ስለ ኢንሹራንስ ወይም ስለ ገበያው መቀዝቀዝ የምናወራ መስሏችሁ ይሆናል። እሱን በወር ስብሰባችን እንነጋገርበታለን። ዛሬ የመረጥነው ርእስ ከቤታችን ውስጥ ያለ ነው። ይኸውም ሴቶች ከማረጣቸው በፊት ባሉት ዓመታት ስለሚደርስባቸው የጤና መለዋወጥና ለዚሁ ስለሚሰጠው የሆርሞን ሕክምና ነው።

"ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው፤ ወንዶችን ምን አገባቸው?" የሚል ቢኖር መልሳችን አጭር ነው። ሐኪም ቤት የምናደርሰው እኛ ነን፤ ሒሳቡ የሚከፈለው ከጋራ ጓዳችን ነው፤ ሌሊቱንም አብረን የምናድረው እኛ ነን። ከመካከላችን ከስድስት ኪሎ ትምህርታችንን ሳንጨርስ የወጣን ስላለን፣ የማንበብ ልማዱ አልለቀቀንም። ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ያነበብነውንና ከሐኪሞች የጠየቅነውን አጠናቅረን አቅርበናል። ሐኪሞች ግን አይደለንም፤ የምንናገረው ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ የምትጠይቁትን እንድታውቁ ነው።

ማረጥ የሚባለው የወር አበባ 12 ወር ሙሉ ሳይታይ ሲቀር ነው። በአሜሪካ አማካይ ዕድሜው 51 ዓመት ገደማ ነው። ነገር ግን በአንድ ሌሊት አይመጣም። በዓል ዋዜማ እንዳለው ሁሉ ማረጥም ዋዜማ አለው። ዋዜማው በአብዛኛው በ40ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ይጀምራል፤ ገና 40 ሳይሞላቸው የሚጀምራቸውም አሉ። አራት ዓመት ያህል ቆይቶ የሚያበቃላቸው እንዳሉ ሁሉ ስምንትና ዐሥር ዓመት የሚዘልቅባቸውም አሉ። በዚህ ጊዜ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን አንድ ሰሞን ከፍ፣ ሌላ ሰሞን ዝቅ ይላል። ፕሮጄስትሮን የተባለው ሁለተኛው ሆርሞን ደግሞ እንቁላል ባልወጣበት ወር ይጎድላል።

ምልክቱ ብዙ ነው። የወር አበባው አንድ ጊዜ ቶሎ ይመጣል፣ አንድ ጊዜ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ከወትሮው በርትቶ ይፈስሳል። ከደረት ተነሥቶ ወደ አንገትና ወደ ፊት የሚወጣ ድንገተኛ ሙቀት አለ። ሌሊት ላብ ያጠምቃል፤ እንቅልፍ ይነሣል፤ ልብ ይመታል። መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፤ ነገር ይረሳል፤ ሆድ ይብሳል፤ በትንሹም ያስቆጣል። በግንኙነት ጊዜም ድርቀትና ሕመም ይኖራል። በአሜሪካ ልዩ ልዩ ከተሞች ሴቶችን ለብዙ ዓመታት የተከታተለው ስዋን የተባለው ጥናት በ2015 ባወጣው ውጤት፣ ያ ሙቀት በመካከለኛው ግምት 7.4 ዓመት፣ በጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ላይ ደግሞ 10.1 ዓመት እንደሚቆይ ገልጿል። እንግዲህ "ታገሽው፣ ያልፋል" ማለት ለስንት ዓመት እንደሆነ አስቡት።

በእኛ ኅብረተሰብ ይህ ሁሉ ሌላ ሌላ ስም ይሰጠዋል። "ደም ብዛት ነው"፣ "ነርቭ ነው"፣ "የሰው ዐይን ነው"፣ ከዚያም ሲብስ "አሜሪካ ለወጠቻት" ይባላል። የሌሊት ሥራ ሠርቶ ንጋት ላይ የሚገባ ባልና ሌሊቱን ሙሉ ላብ ሲያጠምቃት ያደረች ሚስት በር ላይ ሲገናኙ፣ ጠብ ለመፍጠር አንድ ያልታጠበ ሲኒ ይበቃል። ሽማግሌዎቻችን የዚህ ዓይነቱን ክርክር ሲሰሙ ኖረዋል። ስለ ገንዘብና ስለ ዘመድ ይጠየቃል፤ ስለ እንቅልፍ ግን የሚጠይቅ የለም። ቤት ሊፈርስ የደረሰበት ምክንያት መድኃኒት ያለው ነገር ሆኖ ከተገኘ፣ መፍረሱ ምንኛ ያሳዝናል!

ሐኪም ዘንድ ሲኬድም ለእኛ ሰዎች ልዩ እንቅፋት አለ። አንደኛው ቋንቋ ነው። "ያቃጥለኛል" የሚለው ቃል በጥሬው ሲተረጎም ሐኪሙ የጨጓራ ወይም የሽንት በሽታ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመጣ መናገር ይጠቅማል። ልጅን አስተርጓሚ አድርጎ መውሰድም አይገባም፤ እናት በልጇ ፊት ስለ ወር አበባ አትናገርም። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ይህን መጠየቅ መብት ነው። ሁለተኛው እንቅፋት ዕድሜ ነው። በስደት ወረቀታችን ላይ የልደት ቀናችን ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተሞላልን ብዙዎች ነን፤ ዓመተ ምሕረቱም ሲገለበጥ የተዛባ አለ። ወረቀቷ 38 የሚላት ሴት እውነተኛ ዕድሜዋ 42 ቢሆን ለሐኪሟ መንገር አለባት፤ ምርመራው ይለያያልና። ከ40 ዓመት በፊት የወር አበባ መቋረጥ በራሱ ሊመረመር የሚገባው ነው። ታይሮይድና ደም ማነስም ተመሳሳይ ምልክት ስላላቸው መታየት አለባቸው። በዋዜማው ዘመን እርግዝና ሊኖር እንደሚችልም አይዘነጋ።

አሁን ወደ ሕክምናው እንምጣ። ብዙ ሴቶች ሆርሞን ሲባል የሚፈሩት በ2002 በተሰማው ዜና ነው። በዚያ ዓመት 16,608 ሴቶች የተሳተፉበት ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ከታቀደለት ጊዜ በፊት ቆመ። የሁለት ሆርሞን ክኒን ከሚወስዱት መካከል በዓመት ከ10,000 ሴቶች በ8 ያህሉ ላይ ተጨማሪ የጡት ካንሰር ታይቶ ነበር፤ የደም መርጋትና ስትሮክም ጨምሮ ነበር። ሆኖም የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ዓመት ነበር። ኤስትሮጅኑም ከእርጉዝ ፈረስ ሽንት የተገኘ፣ ሁለተኛውም ሰው ሠራሽ እንጂ የሰውነት ፕሮጄስትሮን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ውጤቱ በዕድሜ እየተከፈለ ሲመረመር፣ ከ60 ዓመት በታች ላሉ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው ጤናማ ሴቶች በአብዛኛው ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚበልጥ የሙያው ማኅበራት ተስማምተዋል። ኤፍ ዲ ኤ የተባለው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በኖቬምበር 2025 በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ተለጥፎ ከነበረው ከባድ ማስጠንቀቂያ አብዛኛው እንዲነሣ መወሰኑን አስታውቋል።

"ባዮአይደንቲካል" የሚለው ቃል እዚህ ላይ ይመጣል። ትርጉሙ አሠራሩ ሰውነት ራሱ ከሚያመነጨው ሆርሞን ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ማለት ነው። እነዚህም ኤስትራዲዮልና ፕሮጄስትሮን ናቸው፤ ከዕፀዋት በተገኘ ንጥረ ነገር በፋብሪካ ይሠራሉ። የፈረሱ ነገር ከሃይማኖት አንጻር ለሚከብዳት እኅት ይህ መልካም ዜና ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን የሚከተለው ነው፦ ይህ ዓይነቱ ሆርሞን በኤፍ ዲ ኤ ተመርምሮ የተፈቀደ ሆኖ፣ በማንኛውም ፋርማሲ በሐኪም ትእዛዝ ይገኛል። ኤስትራዲዮል በቆዳ ላይ የሚለጠፍ፣ የሚቀባና የሚዋጥ አለው፤ የፕሮጄስትሮኑ ክኒን ደግሞ ከ1998 ጀምሮ የተፈቀደ ነው። ብዙ ኢንሹራንሶችም ይከፍሉታል።

ይሁን እንጂ በየሬዲዮው "ለአንቺ ብቻ የተቀመመ ተፈጥሯዊ ሆርሞን" እየተባለ የሚሸጠው ሌላ ነው። ይህኛው በልዩ ፋርማሲ የሚቀመም፣ ኤፍ ዲ ኤ ያልመረመረው ነው፤ መጠኑም ከአንዱ ቅመማ ወደ ሌላው ሊለያይ ይችላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2020 ባወጡት ሪፖርት አጠቃቀሙ እንዲገደብ መክረዋል። ምራቅ ተመርምሮ መጠን ይለካል የሚባለውም አስተማማኝ አይደለም፤ ሆርሞኑ ከቀን ወደ ቀን ይለዋወጣልና። የአንድ ጓደኛችን ባለቤት በ43 ዓመቷ ከአንድ የግል ክሊኒክ ገብታ ከቆዳ ሥር የሚቀበር ፍሬ ተቀበረላት። በየአራት ወሩ የሚከፈለው የጓደኛችን የሳምንት ገቢ ነበር። ደም ሲበዛባት ፍሬው አንዴ ከተቀበረ በቀላሉ እንደማይወጣ ነገሯት። በኋላ መደበኛ የማኅፀን ሐኪሟ መርምራ ተለጣፊና የፕሮጄስትሮን ክኒን አዘዘችላት፤ ዛሬ ሌሊቱን ተኝታ ታድራለች። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት እንደሚባለው፣ "ተፈጥሯዊ" የሚለው ቃል ብቻ አያታልለን።

ጥንቃቄውንም እንናገር። ማኅፀኗ ያለ ሴት ኤስትሮጅን ብቻውን መውሰድ የለባትም፤ የማኅፀን ካንሰር እንዳያመጣ ፕሮጄስትሮን ይጨመርበታል። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ ወይም ከባድ የጉበት በሽታ ያገኛት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈስሳትም ሴት አስቀድማ ለሐኪም ትናገር። ኦቾሎኒ የማይስማማት እኅትም ትጠይቅ፤ አንዳንዱ የፕሮጄስትሮን ክኒን የኦቾሎኒ ዘይት አለው። ካረጡ በኋላ ደም ከታየ ሳይውሉ ሳያድሩ መመርመር ነው። ሆርሞን ለማይስማማቸውም ለሙቀቱ የተሠራ ሌላ መድኃኒት ከ2023 ጀምሮ ተፈቅዷል። ማታ ማታ ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣውን ቡና መቀነስም ለእንቅልፍ ይረዳል።

ክቡራን ወገኖቻችን፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ስለዚህ እኛ ሹፌሮች ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ ከአባሎቻችን መካከል ያሉ ነርሶችና ሐኪሞች ለእኅቶች ብቻ የሆነ የውይይት ምሽት በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲያዘጋጁ፤ ሁለተኛ፣ ሽማግሌዎቻችን ባልና ሚስት ሲያስታርቁ ስለ ጤናና ስለ እንቅልፍ አስቀድመው እንዲጠይቁ፤ ሦስተኛ፣ የሐኪም ቀጠሮ ኖሯት መጓጓዣ ያጣች የማኅበራችን እኅት ለጸሐፊያችን ብትደውል፣ ከእኛ ተራ የደረሰው በነጻ ወስዶ ይመልሳታል። ወዴትና ለምን እንደምትሄድም አይጠይቃትም።