የጉልበት ሕመምና የወገዳ ቁልቁለት



ከወገዳ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን ቁልቁለት የማያውቅ በመካከላችን የለም። ገበሬው ወርዶ ያርሳል፣ መልሶ ይወጣል። እናት 20 ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ከምንጭ ዳገቱን ትያያዘዋለች። በጋይንት ቤተልሔም ድጓ የሚማረው ደቀ መዝሙር ሌሊቱን በማሕሌት ቆሞ ያድራል። በሰሙነ ሕማማት ሽማግሌው ሳይቀር ይሰግዳል። ይህን ሁሉ የሚችለው አንድ መገጣጠሚያ ነው። አማርኛችን መገጣጠሚያውንም ኃይልንም «ጉልበት» ብሎ መጥራቱ ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ጉልበት ሲታመም አንዱ «ብርድ ነው» ይላል፣ ሌላው «ቁርጥማት ነው»፣ ሦስተኛው ደግሞ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል!» እኔ ዛሬ የምሟገተው ከሦስተኛው ጋር ነው።

በበግ ቅልጥም ጫፍ ላይ የሚያብረቀርቀውን ነጭ ሽፋን ያየ ሰው ልምአጥንትን አይቷል። የእኛም ጉልበት ያው ነው። ይህ ሽፋን የራሱ የደም ሥር የለውም፤ የሚመገበው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው። ስንረግጥ ፈሳሹ ይጨመቃል፣ እግራችንን ስናነሣ ተመልሶ ይሰርጋል። ጉልበት እንግዲህ ምግቡን የሚያገኘው ሲንቀሳቀስ ነው። በዕድሜ፣ በከባድ ሸክም፣ በውፍረት ወይም በድሮ ጉዳት ሽፋኑ ሲሳሳ አጥንቱ ይሻክራል፣ ዙሪያው ይቆጣል። ጠዋት ሲነሡ ጉልበት ይደርቃል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይፍታታል፤ ቁልቁለት ሲወርዱ ያማል፤ ሲታጠፍ ይንቋቋል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2019 እ.ኤ.አ. 528 ሚሊዮን ሰዎች ይህ ዓይነት የመገጣጠሚያ ሕመም ነበረባቸው፤ 365 ሚሊዮኑን የያዛቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ከታማሚዎቹ 60 በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው።

ከእነዚህ ሴቶች አንዷ እናቴ ናት። ጉልበቷ ሲያብጥ እኛ ልጆቿ አዝነን «አርፈሽ ተቀመጪ» አልናት። ውኃውን ቀዳንላት፣ ቡናውን አፈላንላት፤ ክረምቱን መደብ ላይ አሳለፈችው። በመስከረም ስትነሣ ከፊቱ ባሰባት። ጭኗን ብንዳስሰው ሥጋው ሟሙቷል። ጉልበትን ደግፎ የሚይዘው የጭን ጡንቻ ነው፤ እሱ ሲሟሽሽ ሸክሙ በሙሉ በታመመው አጥንት ላይ ይወድቃል። ጀሪካኑን ከጀርባዋ ማውረዳችን ልክ ነበር። እግሯን ማሰራችን ግን ስሕተት ነበር፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

መፍትሔውም የተጀመረው እዚያው መደብ ላይ ነው። ጀርባዋን ደግፋ ትቀመጣለች፤ አንድ እግሯን ፊት ለፊት ቀጥ አድርጋ ታነሣና ጭኗን ጠበቅ አድርጋ እስከ አምስት ትቆጥራለች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ታወርዳለች። በእያንዳንዱ እግር አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ስትጠነክር ከፍ ካለ ወንበር ላይ በእጇ ሳትደገፍ መነሣትና መቀመጥ ጨመረች። መጠነኛ ሕመም አያስፈራም፤ በማግስቱ ጉልበቱ ካበጠ ግን ቁጥሩ ይቀነስ። ለውጡ በሳምንት አይታይም፤ አንድ ሁለት ወር መታገሥ ያስፈልጋል። ሜዳ ሜዳውን መሄድም ያግዛል።

ስለ ምርኩዝ ልናገር፤ ብዙዎቻችን አያያዙን እንሳሳታለን። የታመመው ቀኝ ጉልበት ከሆነ ምርኩዙ በግራ እጅ ይያዝ። ቀጥ ብለው ሲቆሙ ቁመቱ እስከ እጅ አንጓ ይድረስ። ዳገት ሲወጡ ደኅናው እግር ይቅደም፤ ቁልቁለት ሲወርዱ ምርኩዙና የታመመው እግር ይቅደሙ። መቋሚያ ይዘው ላደጉ አባቶች ይህን መልመድ አይከብድም። ጉልበቱ አልታጠፍ ያለው ሰውም ስለ ስግደቱ ከነፍስ አባቱ ጋር ይነጋገር።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ ለጉልበት የሚቀባ ዲክሎፌናክ ጥሩ ጅምር ነው። የሚዋጡት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመሙን ያስታግሣሉ፤ የሳሳውን ልምአጥንት ግን አይመልሱም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት ሲወሰዱ ጨጓራን ሊያደሙ፣ ኩላሊትን ሊጎዱ፣ የደም ግፊትን ሊያባብሱ ይችላሉ። ጉልበት ውስጥ የሚወጋው መርፌም ለሳምንታት ያሳርፋል፤ ቶሎ ቶሎ ከተደጋገመ ልምአጥንቱን ሊጎዳ ይችላል። ያበጠ ጉልበት በወጌሻ አይታሽ፣ በጋለ ብረት አይተኮስ።

ጉልበት በድንገት አብጦ፣ ግሎና ቀልቶ ትኩሳት ካስከተለ ግን እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ አይሠራም። መገጣጠሚያው መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የእጅ ጣቶችን ጭምር የሚያሳብጥና ጠዋት ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያደርቅ ሕመምም ሌላ ነው፤ የራሱ መድኃኒት አለውና ደብረ ታቦር ሆስፒታል ድረስም ቢሆን ሳይዘገዩ መታየት ይገባል።

ጉልበትን በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ መተካት የመጨረሻው መንገድ ነው። በአገራችን በጥቂት ሆስፒታሎች ብቻ ይሠራል፤ ዋጋውም ለገበሬ የሚቀመስ አይደለም። ለወገዳ ሰው ቅርቡ ሕክምና የገዛ ጭኑ ነው።

እናቴ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ትሄዳለች። ሕመሙ ጨርሶ አልለቀቃትም፤ ቁልቁለቱንም የምትወርደው በምርኩዝ ነው። እናንተ ልጆች ሆይ፣ እናቶቻችሁን «አርፋችሁ ተቀመጡ» አትበሏቸው። ዛሬ ማታ መደቡ ላይ ከአጠገባቸው ሁኑና እግራቸውን ሲያነሡ ቁጠሩላቸው።