ትውውቅና ገበያ፤ አነስተኛ ድርጅት ደንበኛውን የሚያገኝበት መንገድ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



መሐንዲስ በትምህርት ዘመኑ የብረትን የመሸከም ዐቅም፣ የውኃን ግፊትና የሞተርን ጉልበት ማስላት ይማራል። ይሁን እንጂ ተመርቆ የራሱን አነስተኛ ድርጅት ባቋቋመ በመጀመሪያው ወር የሚገጥመው ጥያቄ በስሌት መጻሕፍት ውስጥ አይገኝም። ጥያቄውም ሥራውን የሚሰጠው ማን ነው የሚል ነው። መሣሪያው ተተክሎ፣ ኪራዩ ተከፍሎ፣ ሠራተኛው ተቀጥሮ ሳለ ደንበኛ ካልመጣ፣ የባለሙያው ችሎታ የቱንም ያህል ቢሆን ድርጅቱ ዕድሜ አይኖረውም።

በ2003 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልማት ስትራቴጂ፣ በኢንዱስትሪ ዘርፍ አነስተኛ ብሎ የመደበው ከ6 እስከ 30 ሠራተኞች ያሉትን፣ ጠቅላላ ሀብቱም ከ100,000 ብር በልጦ ከ1.5 ሚሊዮን ብር ያላለፈውን ተቋም ነበር። በዚህ ደረጃ ያለ ድርጅት በራዲዮና በቴሌቪዥን ዘወትር ለማስነገር ዐቅም የለውም፤ የሽያጭ ክፍል አቋቁሞም ሠራተኛ አያሰማራም። ገበያውን የሚያገኘው በአብዛኛው ሰው ለሰው በሚነጋገረው ነው። እንግዲህ የዚህ ንግግር ጉዳይ፣ ባለሙያው ትውውቅን እንደ ዕድል መጠበቁን ትቶ እንደ ሥራ እንዴት ሊይዘው ይገባል የሚል ነው።

የቅርብ ወዳጅና የሩቅ ትውውቅ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂል የመተባበርን ኀይል ያስተምራል። ለገበያ ግን ከድሩ ውፍረት ይልቅ ርዝመቱ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ በቁጥር አመልክቷል። በቦስተን አጠገብ የሚኖሩና ሥራቸውን በቅርቡ የለወጡ ባለሙያዎችን ጠይቆ፣ በሰው ጥቆማ ሥራ ካገኙት መካከል ጠቋሚውን በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ሆነው አገኛቸው። 55.6 በመቶ የሚሆኑት ጠቋሚውን የሚያገኙት አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶዎቹ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ ባነሰ ነበር። ጥናቱ የተደረገው ስለ ሥራ ፍለጋ እንጂ ስለ ሽያጭ አይደለም። ምክንያቱ ግን ለሁለቱም ይሠራል፤ የቅርብ ወዳጅ የሚያውቀው ወዳጁ የሚያውቀውን ነውና።

ነገሩን በመሐንዲስ ዐይን ለማየት፣ ውኃቸው በእኩል ከፍታ ላይ ያለ ሁለት ጋኖችን በቧንቧ ቢያገናኙአቸው ውኃው አይንቀሳቀስም። ዐሥር ሰዎች ያሉበት አንድ የሙያ ቡድን በመካከሉ 45 የትውውቅ መስመሮች አሉት። ሆኖም በእነዚህ ሁሉ መስመሮች የሚመላለሰው ያው አንድ ወሬ ነው። ከቡድኑ አንዱ ከሌላ ዐሥር ሰዎች ቡድን አንድ ሰው ጋር ሲተዋወቅ ግን፣ በዚያች አንዲት መስመር ከዚያ ቀደም ያልተሰማ ጉዳይ ይመጣል። መሐንዲስ ከመሐንዲስ ጋር ብቻ የሚውል ከሆነ ምክር አያጣም፤ ደንበኛ ግን ሊያጣ ይችላል።

ደንበኛውን ቀድሞ የሚያገኘው ማን ነው?

ለምሳሌ ያህል በአዲስ አበባ አንድ ቶርኖ ቤት አለ እንበል። ሥራው የወፍጮ ቤቶችን ዘንግና ፑሌጃ መቅረጽ ነው። ባለቤቱ የወፍጮ ቤት ባለንብረቶችን አንድ በአንድ እየዞረ ቢጠይቅ፣ በጠየቀበት ቀን ወፍጮው የተሰበረበት አንድ እንኳ ላያገኝ ይችላል። ወፍጮው ከሁለት ወር በኋላ ሲሰበር ደግሞ ባለንብረቱ ረስቶታል። በዚያች ቀን ባለንብረቱ በመጀመሪያ የሚሄደው ወዴት ነው? ኩሽኔታ ወደሚሸጠው ነጋዴ፣ የተቃጠለ ሞተር ወደሚጠቀልለው ባለሙያ፣ ወይም ብየዳ ቤት ነው። ስለዚህ ቶርኖ ቤቱ ሊተዋወቃቸው የሚገባው በቅድሚያ ከእነዚህ ጋር ነው። እነርሱ ችግረኛውን ደንበኛ ችግሩ በደረሰበት ሰዓት ያገኙታል፤ ከቶርኖ ቤቱም ጋር በአንድ ሥራ አይሻሙም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለማንኛውም ሙያ ይሆናል። የሕንፃ ንድፍ አውጪ የመሬት ቀያሹን፣ የኤሌክትሪክ መሥመር ዘርጊ የቧንቧ ሠራተኛውን፣ የውኃ ፓምፕ ተካይ የጉድጓድ ቆፋሪውን ሊያውቅ ይገባዋል። ጥያቄው ደንበኛው ወደዚህ ድርጅት ከመምጣቱ በፊት የማንን በር ያንኳኳል የሚል ነው።

በመርካቶ ያለው ልማድም ከዚህ የራቀ አይደለም። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች በአንድ ተራ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይነግዳሉ። ገዢ የጠየቀው ዕቃ በሱቁ የሌለ ነጋዴ «የለም» ብሎ ከማሰናበት ከጎረቤቱ አምጥቶ ይሸጣል፤ ነገ ጎረቤቱ በተራው ከእርሱ ይወስዳል። በዕቁብም እንደዚሁ ነው። ዕቁብ ገንዘብ ማጠራቀሚያ ብቻ ሳይሆን የጠባይ መፈተኛም ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ይጠየቃል፤ የየጊዜውን መዋጮ በቀኑ የሚያገባውና የሚያዘገየው በአባላቱ ፊት ይለያል። በመዋጮው ቀን የማይዛነፍ ሰው ሥራውንም በቀጠሮው እንደሚያስረክብ ይገመታል። ሰው ለሰው የሚሰጠው ጥቆማ ዋስትና ነው፤ ጠቋሚው የሚያስይዘውም የገዛ ስሙን ነው።

ከቺካጎ የተገኘ ትምህርት

ይህን ጉዳይ በደንብና በሥርዓት ይዘው ከጀመሩት መካከል የቺካጎ ሰዎች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. የካቲት 23 ቀን 1905 ዓ.ም. ፖል ሃሪስ የተባለ ጠበቃ ከሦስት ወዳጆቹ ጋር ተሰበሰበ። ከሦስቱ አንዱ የድንጋይ ከሰል ነጋዴ፣ ሁለተኛው ልብስ ሰፊ፣ ሦስተኛው ጉስታቨስ ሎየር የተባለ የማዕድን መሐንዲስ ነበሩ። የተሰበሰቡትም በመሐንዲሱ ቢሮ ነው። ስብሰባው በየተራ በአባላቱ መሥሪያ ቤቶች ይደረግ ስለ ነበረ ማኅበሩ ሮታሪ ተባለ። ከየሙያው አንድ አንድ ሰው ብቻ እንዲገባ ወሰኑ፤ እርስ በርስም ሥራ መሰጣጣትን ግልጽ ዓላማቸው አደረጉ።

ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ ፈተና ገጠማቸው። እ.ኤ.አ. በ1906 ዓ.ም. አባል እንዲሆን የተጋበዘው ዶናልድ ካርተር የተባለ የፈጠራ መብት ጠበቃ፣ ለአባላቱ ጥቅም ብቻ የቆመ ማኅበር ዘላቂ አይሆንም ብሎ ግብዣውን አልተቀበለም። አባላቱም ተግሣጹን ተቀብለው ከተማቸውን ማገልገልን በዓላማቸው ውስጥ ጨመሩ። የመጀመሪያው የሕዝብ አገልግሎታቸው በቺካጎ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ እ.ኤ.አ. በ1907 ዓ.ም. የጀመሩት ጥረት ነው። ትርፍን ብቻ የሚቆጥር ትውውቅ የሚሰበስበው ተቀባዮችን ነው። አብሮ በሚሠራ የጋራ ተግባር ግን ሰው የባልንጀራውን ጠባይና ችሎታ ሳይነገረው ያየዋል።

በተግባር እንዴት ይያዝ?

ትውውቅ እንደ ማንኛውም ሥራ መዝገብና ጊዜ ይፈልጋል። ባለሙያው አንድ ደብተር ከፍቶ፣ ባለፈው ዓመት ያገኛቸውን ደንበኞች ሁሉ ይጻፍ፤ በእያንዳንዱም ስም አንጻር ማን እንደ ላከው ያስፍር። ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስተውለው ነገር፣ ሥራ የላኩለት ከጠበቃቸው ሰዎች ሌሎች መሆናቸውን ነው። ከዚያም ደንበኛውን ቀድመው የሚያገኙትን ሙያዎች ይለይ፤ ከየሙያው አንድ ወይም ሁለት ሰው ይምረጥ፤ ሥራ ለመለመን ሳይሆን ሥራ ለመስጠት ይቅረባቸው። ጥቆማ የሰጠውን ሰው ውጤቱን ሳይነግሩ መቅረት የሚቀጥለውን በር መዝጋት ነው።

ሙያውንም ሲገልጽ ሰሚው በቀላሉ የሚያስታውሰውን ይናገር። «ማንኛውንም የብረት ሥራ እንሠራለን» የሚለውን ቃል ሰሚው ወዲያው ይረሳዋል። «የወፍጮ ዘንግ ሲሰበር ቀርጸን እንተካለን» የሚለውን ግን የተሰበረ ዘንግ ባየ ጊዜ ያስታውሰዋል።

ወሰኑ የት ላይ ነው?

ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ይህ ነው። ትውውቅ የሚለው ቃል በብዙዎች ጆሮ ዝምድናንና ጉቦን ያስታውሳል፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። የትናንት የትምህርት ቤት ጓደኛ ዛሬ የግዥ ኮሚቴ አባል ወይም ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ሊሆን ይችላል። ወሰኑን ለመለየት ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። የተደረገው ነገር በሌሎች ተወዳዳሪዎች ፊት ሊነገር ይችላልን? በትውውቁ ምክንያት ደንበኛው ከሚገባው በላይ ይከፍላልን? የአቅራቢው ስም ተሸፍኖ ሥራው ቢመረመር ፈተናውን ያልፋልን? የመጀመሪያው መልስ አዎን፣ የሁለተኛው አይደለም፣ የሦስተኛው አዎን ከሆነ፣ የተደረገው ማስተዋወቅ ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ነገሩ ማዳላት ነው፤ ጉዳቱም በደንበኛው ላይ ብቻ አይቀርም። በዝምድና የተረከበ ድልድይ ጭነት ሲያልፍበት ዘመዱን ከባዕዱ አይለይም። ለአስማሚ የሚከፈል የድለላ ዋጋም ቢኖር ደንበኛው ሊያውቀው ይገባል።

ስለዚህ ትውውቅ የሚያደርሰው እስከ በሩ ነው፤ ከበሩ ወዲያ የሚናገረው ሥራው ነው። በመልካም የተሠራ አንድ ዘንግ ወፍጮውን ባዞረ ቁጥር ለቀራጩ ይመሰክራል፤ በግዴለሽነት የተሠራውም እንዲሁ ይመሰክርበታል። የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፣ ይህ ማኅበር ለአባላቱ ሊያደርግላቸው ከሚችለው አገልግሎት አንዱ፣ በስብሰባዎቹ ከሌሎች ሙያዎች የመጡ እንግዶችን እየጋበዘ የአባላቱን ድር ማስረዘም ነው። የድሩን ንጽሕና መጠበቅ ግን የእያንዳንዱ አባል ድርሻ ይሆናል።