ስለ ቅርብ ፎቶግራፍና ስለ ገብሱ ክሽክሽ
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



 የምንናገረው ትንሹን ነገር በፎቶግራፍ አጉልቶ ስለ ማሳየት ነው። ሥራው የተጀመረው ግን ከገብስ ማሳ ነው።

በበልግ ወራት ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ማሳ የገብሱ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በቁመቱም ነጭ ሰረዝ እያወጣ ደረቀ። የማሳው ባለቤት የአንዱ ጓደኛችን አባት ናቸው። «ልጆቼ፣ ውርጭ ነው የመታው፤ ሌላ ምን ይሆናል?» አሉን። በመንዝ ውርጭን ያላማረረ ገበሬ የለምና አልተከራከርናቸውም። ነገር ግን የተጠቀለለውን ቅጠል ብንዘረጋው በውስጡ አረንጓዴ ተባዮች ይርመሰመሱ ነበር፤ ርዝመታቸውም ከ2 ሚሊሜትር አያልፍም።

በነበረችን ካሜራ፣ ባለ 50 ሚሊሜትር በሆነው ሌንስ አነሣናቸው። የወጣው ነጠብጣብ ብቻ ነው። ለአንድ የግብርና ባለሙያ ብናሳያቸው፣ «ክሽክሽ ይመስላል፤ የትኛው ክሽክሽ እንደ ሆነ ግን ከዚህ ሥዕል አይታወቅም። ጭራውን አሳዩኝ» አሉን። ከዚያ ወዲያ ሐሳባችን ሁሉ በዚያች ጭራ ላይ ሆነ።

በመጀመሪያ የሞከርነው በሌንሱ ግንባር ላይ የሚጠመዘዘውን አጉሊ መስተዋት ነው። ይህም አባቶቻችን ዳዊት ሲደግሙ ከሚያደርጉት መነጽር የተለየ አይደለም። የእኛው ቁጥሩ 4 ስለ ነበረ የትኩረት ርቀቱ የ1 ሜትር ሩብ፣ ማለት 250 ሚሊሜትር ነው። ሌንሱ ወደ ሩቅ ተስተካክሎ ሳለ 50 ለ250 ሲካፈል አንድ አምስተኛ ይሆናል፤ የሥዕሉም መጠን ከተባዩ አንድ አምስተኛ ነው። በባለ 135 ሌንስ ላይ ቢደረግ ግን ከግማሽ ያልፋል። እንግዲህ አጉሊው የሚያግዘው ረጅሙን ሌንስ ነው።

ሁለተኛው በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ ባዶ ቧንቧ ነው። መስተዋት የለበትም፤ ሥራው ሌንሱን ማራቅ ብቻ ነው። በባለ 50 ሌንስ ላይ 50 ሚሊሜትር ቧንቧ ሲገባ ተባዩ በራሱ መጠን ልክ ይቀረጻል። እዚህ ላይ ደግሞ የሚያሸንፈው አጭሩ ሌንስ ነው። ሆኖም ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳልና ካሜራው ቀዳዳውን ከፍቶ ብዙ መቆየት አለበት፤ የመንዝ ነፋስ ደግሞ ቅጠልን አያስቆምም። አንድ ጧት ሙሉ ማሳው ላይ በከንቱ ከደከምን በኋላ ቅጠሉን ቆርጠን ወደ ክፍላችን መስኮት ሥር አመጣነው፤ ነጭ ወረቀትም በጎኑ አቁመን ብርሃን መለስንበት። ተባዩ ጎላ፤ ጭራው ግን አልለየም።

በመጨረሻ ባለ 50ውን ሌንስ ገልብጠን ከባለ 135ቱ ፊት ግንባር ለግንባር አሰርነው። (ቀለበቱን ስላላገኘን በፕላስተር ነበርና፣ ያየን ሁሉ ሌንሱ ታሟል ወይ እያለ ሳቀብን።) 135 ለ50 ሲካፈል 2.7 ነው፤ ሥዕሉ ከተባዩ እጥፍ አለፈ። አሁን ያስቸገረን ጥራቱ ነው። ጥርት ብሎ የሚታየው ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ስለ ሆነ፣ ራሱ ሲጠራ ጭራው ይደበዝዛል። ስለዚህ ካሜራውን በመጻሕፍት ክምር ላይ አስቀምጠን፣ ማተኮሪያውን ሳንነካ ቅጠሉን ብቻ በወረቀት ውፍረት ልክ እየገፋን ደጋግመን አነሣን። ከብዙዎቹ አንዱ ጠራ።

ከጎን ሲታይ ጭራው ሁለት ይመስላል፤ በሌሎች ክሽክሾች ጀርባ ላይ ጎልተው የሚታዩት ሁለት ቱቦዎችም በዚህኛው እጅግ አጭር ናቸው። ባለሙያው ወዲያው «የሩሲያ የስንዴ ክሽክሽ» አሉት። ቅጠሉ የሚጠቀለለው እርሱ ሲመጠው ነው፤ በተጠቀለለውም ውስጥ ስለሚሸሸግ ከላይ የተረጨ መድኃኒት በቀላሉ አይደርስበትም።

አባታችን ሥዕሉን ይዘው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያም «ይህን ሁሉ ዘመን ውርጭን ስረግም!» ብለው ሳቁና፣ ሳቁን አቁመው «ለመሆኑ የጎረቤቴን ማሳ አይታችኋል?» አሉን። በማግሥቱ ሄድን፤ እዚያም አገኘነው።

ሥዕሉ ከበሩ በስተ ቀኝ ተሰቅሏል። ሁለቱ ሌንሶች እንደ ታሰሩ ከሥሩ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ ቅጠልም አምጥተናል። ማየት የምትወዱ ቅረቡ፤ ጠረጴዛውን ግን እንዳትነኩብን እንለምናለን።