ዶንቺች ወይስ በትለር?

እሱ፦ የ2025ቱ የኤንቢኤ ቅርጫት ኳስ የውድድር ዘመን አጋማሽ ዝውውር ሲነሳ እኔ ሌከርስን ነው የማስቀድመው። የ25 ዓመቱን ሉካ ዶንቺችን ከዳላስ አመጡ፤ በዋናነት የሰጡት አንቶኒ ዴቪስን፣ ማክስ ክሪስቲንና የ2029ን የአዳዲስ ተጫዋቾች የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ነው። በበግ ዋጋ በሬ!

እሷ፦ ቆይ እንጂ! በዚያ ዓመት ምን አተረፉ? ሚኒሶታ በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዙር በአምስት ጨዋታ ሸኛቸው።

እሱ፦ አርቀሽ እዪ፤ የልጁን ዕድሜ ቁጠሪ።

እሷ፦ ጥያቄው እኮ ዝውውሩ ወዲያው ማንን ጠቀመ ነው። ጎልደን ስቴትን ተመልከት። ጂሚ በትለር መጥቶ መጫወት ሲጀምር ቡድኑ 25 አሸንፎ 26 ተሸንፎ ነበር፤ ከቀሩት 31 ጨዋታዎች 23ቱን አሸነፈ። በትለር ኳስ አያባክንም፣ ጥፋት እያሠራ ነጻ ውርወራ ያገኛል፣ ይከላከላል። ሸክሙ ሁሉ የቡድኑ ኮከብ ከሪ ላይ መሆኑ ቀረ።

እሱ፦ ተጫዋቻቸውን ዊጊንስን ከፍለውበታል። ደግሞ እነሱንም ያሰናበታቸው ሚኒሶታ ነው።

እሷ፦ በሁለተኛው ዙር፤ ያውም ከሪ ቋንጃውን ተጎድቶ!

እሱ፦ ዳላስስ? ዴቪስ ገና በመጀመሪያ ጨዋታው ተጎዳ።

እሷ፦ ለዳላስማ የተጫዋቾች ምርጫ ሎተሪ ደረሰው። በ1.8 በመቶ ዕድል አንደኛውን ምርጫ አግኝቶ ኩፐር ፍላግን ወሰደ። ይህን የዝውውሩ ብልሃት ብለህ እንዳትቆጥርልኝ።

እሱ፦ እሱንስ አልቆጥርም፤ ሌከርስን ግን አልለቅም።