ደም ማቅጠኛ ለሚወስዱ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ



ሐኪም «እንዴት ነዎት?» ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ማለት ያደግንበት ጨዋነት ነው። ኩማዲን ወይም ኤሊኩዊስ እየወሰደ ቀዶ ሕክምና የተደረገለትን ሰው ግን ይህ መልስ ሊጎዳው ይችላል።

እነዚህ መድኃኒቶች ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋሉ። ስለዚህ ፋሻው ላይ ጠብታ ሳይታይ ቁስሉ ውስጥ ውስጡን ሊደማ ይችላል። ሆድ ይነፋል፣ ሕመሙ እየባሰ ይሄዳል፤ ሲነሡ ያዞራል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ቀዝቃዛ ላብ ያልባል። ሰገራም እንደ ሬንጅ ሊጠቁር ይችላል። የብረት ክኒንም ሰገራ ያጠቁራል፤ ቢሆንም ለሐኪም ይነገር።

አንዲት እናት የሰገራቸውን መጥቆር ሦስት ቀን ደበቁ። የሚያስተረጉምላቸው ወንድ ልጃቸው ስለነበረ አፈሩ። ሚዩን ሲደርሱ መቆም አቅቷቸው ነበር። እባካችሁ፣ ለእንዲህ ያለው ነገር ልጅን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ሌላ ሰው እንዲመጣ ጠይቁ።

ምልክቱን ስታዩ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ፣ 101 ደውሉ። የክኒኑን ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ፤ የመጨረሻው በስንት ሰዓት እንደተዋጠም ተናገሩ። የኩማዲንን ኃይል ቫይታሚን ኬ ያበርደዋል፣ ለሌላው ግን ሌላ ሕክምና ነው፤ ሐኪሙ ስሙን ማወቅ አለበት። የሚቀጥለውን ክኒን ከመዋጣችሁ በፊትም እሱን ጠይቁ።

ምልክት ሳይኖር ደግሞ ፈርታችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ደም ረግቶ አንጎልን ሊመታ ይችላል። ለቁስሉ ሕመም ብላችሁም ጎረቤት የሰጣችሁን ኑሮፌን ወይም አድቪል አትዋጡ፣ መድማቱን ያብሳል።